«ልጅ ምን ሥራ አለው?» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ሰነበተ። ለእኔ ብቻ አራት ሰው ልኮልኛል። ሁለቱ «ምን ትያለሽ?» ብለው፣ አንዷ እናት «ስድስት ወር የለፋነው ለዚህ ነው?» ብላ፣ አራተኛው ደግሞ የሳቅ ምልክት ብቻ አድርጎ። ነገሩ ስለ ኦኩፔሽናል ቴራፒ (ቃል በቃል «የሥራ ሕክምና») ነው። የእድገት መዘግየት፣ ኦቲዝም፣ ወይም ድምፅና ንክኪን ያለመቻል ዓይነት ችግር ላለባቸው ልጆች ስለሚሰጠው ድጋፍ።

የጸሐፊው ሐሳብ ሲጠቃለል እንዲህ ነው። ስሙ ከልጅ ጋር አይገናኝም። ሥራው ጨዋታ ነው። ልጆቹ ሞልቃቆች ናቸው። ቢታገሱት በራሱ ይለቃል። ሳይንስም ውድቅ አድርጎታል። ደግሞ እናት ቤቷ ሆና በቪዲዮ ልትሠራው ትችላለች። መዝጊያቸውም «በገንዘቡ ብስክሌት ግዙለት» የሚል ነው።

እኔ እንጀራዬ ከዚሁ ሙያ ነው። ይህን አውቃችሁ አንብቡኝ። ጽሑፉም ሁሉ ስህተት አይደለም። አንድ ቦታ ላይ ጸሐፊው ከብዙ ባልደረቦቼ የበለጠ እውነት ተናግረዋል። እዚያ ስደርስ አልደብቅም።

«ልጅ ምን ሥራ አለውና ነው የሥራ ሕክምና?»

ይህ የትርጉም ጣጣ ነው። ስሙ ሲወጣ የታሰበው ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ ብቻ አልነበረም። ሰውን ውሎውን የሚይዘው፣ እጁንም ልቡንም የሚያስገባበት ነገር ሁሉ ነው። ሙያው በማኅበር የተደራጀው እ.ኤ.አ. በ1917 አሜሪካ ውስጥ ሲሆን፣ የመሥራቾቹ እምነት ቀላል ነበር፦ ሰው አልጋ ላይ ተኝቶ ከመጠበቅ ይልቅ የሚጨበጥ ነገር እየሠራ ይድናል።

ታዲያ የአምስት ዓመት ልጅ ውሎውን በምን ይዞ ይውላል? ይለብሳል፣ ይበላል፣ ይታጠባል፣ ሽንት ቤት ይሄዳል፣ ይጫወታል፣ ከእኩዮቹ ጋር ይጣላል፣ ይታረቃል፣ ይተኛል። ሥራው ይህ ነው። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ይባላል። እውነት ነው፣ አይበቃም። እኛ ግን የምናየው እራቱን አይደለም። ልጁ ማቡካት ችሏል ወይ? የሚለውን ነው።

«ከፍላችሁ ነው የምታጫውቱት»

ጸሐፊው አንድ ቀን በመስኮት አይተዋል። አንድ ልጅ ዥዋዥዌ ላይ በሆዱ ተኝቶ ከመሬት ቀለበት እየለቀመ እንጨት ላይ ይሰካል። አንዲት ሴት አጠገቡ ቁጭ ብላ ታጨበጭባለች። «ይህን አያቱም ታደርገዋለች» ይላሉ።

አያቱ ታደርገው ይሆናል። ሴትየዋ ግን እያጨበጨበች የምታየው ሌላ ነው። በሆዱ ተኝቶ አንገቱን ቀና ማድረግ ስንት ሰከንድ ይችላል? ቀለበቱን በየትኛው እጁ ያነሳል? በግራ በኩል ያለውን በግራ እጁ ያነሳል ወይስ መላ ሰውነቱን ያዞራል? ትንፋሹን ይይዛል? ስንተኛው ላይ ተስፋ ይቆርጣል? በዚያው ልክ እንጨቱን ትንሽ ታርቃለች፣ ወይም ታቀርባለች። በጣም ከቀለለ አይማርም። በጣም ከከበደ ጥሎ ይሄዳል። መሃሉን እየፈለጉ መቆየት ነው ሙያው። ልጁ ጨዋታ ከመሰለው ደግሞ ሥራዋን አሳክታለች ማለት ነው።

ግን አንድ ነገር ልመን። ዥዋዥዌው ለምን እንደሆነ ጠይቃችሁት «ለሰውነቱ ጥሩ ነው» ብቻ የሚላችሁ ቴራፒስት ካጋጠማችሁ፣ ጸሐፊው ልክ ናቸው። ያ ጨዋታ ነው። አጥጋቢ መልስ «ሸሚዙን ቆሞ እንዲለብስ ሚዛኑን መጠበቅ አለበት፤ በሁለት ወር እዚያ ለመድረስ ነው» ዓይነት ነው። የጽሕፈት ነገርም እንዲሁ ነው። ልጁ እንዲጽፍ ተብሎ ወራት ሙሉ ሸክላ ሲያስጨምቁት የሚውሉ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ የጥናቶች ግምገማ ጽሕፈትን ራሱን ያላለማመደ ዘዴ የእጅ ጽሕፈት እንደማያሻሽል፣ ከ20 ክፍለ ጊዜ ያነሰ ልምምድም ውጤት እንዳላመጣ አሳይቷል። ሸክላ የሚጨምቅ ልጅ ሸክላ በመጨመቅ ነው የሚጎብዘው።

«ሞልቃቆች ናቸው፤ አንዴ ቢቆነጠጡ ይተዉታል»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙ ወላጅ የሚጎዳው በዚህኛው ነው።

ጸሐፊው የሚያነሱት ምሳሌ የሸሚዝ አንገት ላይ የተሰፋውን የጨርቅ ምልክት ነው። ልጁ «ይቆረቁረኛል» ብሎ ይጮኻል። እናቲቱ በመቀስ ትቆርጥለታለች። ጸሐፊው ይስቃሉ።

እስቲ አሁን የለበሳችሁትን ካልሲ አስቡት። እስክጠቅሰው ድረስ አልተሰማችሁም፣ አይደል? ጠዋት ስታጠልቁት ግን ተሰምቷችሁ ነበር። አንጎል ያንን መልእክት «ሰምቻለሁ፣ በቃ» ብሎ ዝም ያሰኘዋል። አንዳንድ ልጅ ላይ ይህ ዝም ማሰኘት በደንብ አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ የአንጎል ምስል ጥናት ኦቲዝም ያለባቸው ወጣቶች ላይ ይህንኑ አይቷል። ቀለል ያለ ግን የማይመች ድምፅና ንክኪ ሲቀርብላቸው፣ ስሜትን ለመላመድ የሚቸገሩት ላይ የአንጎላቸው የሥጋት ማዕከል ምላሽ እንደሌሎቹ ቶሎ አይበርድም ነበር። የሸሚዙ ምልክት ለእኛ ጠዋት አንዴ ይነካንና ይረሳል። ለእሱ ቀኑን ሙሉ እንደ አዲስ ይነካዋል። ሒሳብ እየተማረም፣ ኳስ እየተጫወተም።

ደግሞ «አምስቱ የስሜት ሕዋሳት» ብለን የተማርነው ሁሉንም አይጨምርም። ጡንቻና መገጣጠሚያ ስለ ራሳቸው ለአንጎል ይናገራሉ። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አፍንጫችሁን መንካት የምትችሉት ለዚህ ነው። የውስጥ ጆሮ ስለ ሚዛንና እንቅስቃሴ ይናገራል። ከሆድ ዕቃም ይመጣል፦ ራበኝ፣ ሽንቴ መጣ፣ ልቤ መታ። ከነዚህ አንዱ ድምፁ በጣም ሲጎላ ወይም በጣም ሲቀንስ ውጪ ላይ የሚታየው «ባህሪ» ነው።

ስሜቱ ቀንሶ ለሚሰማው ልጅ ማንም አያዝንለትም። የሸሚዙን ኮሌታ ያኝካል። እርሳሱን እስኪሰበር ይጫነዋል። ሰልፍ ላይ የፊተኛውን ይደገፋል፣ ይጋጫል፣ ይወድቅና እየሳቀ ይነሳል። «ረባሽ» ይባላል። ሽንቱ መምጣቱን የሚሰማው በመጨረሻዋ ደቂቃ ነው፣ ሰባት ዓመቱ ላይ ይረጥባል። ይህን ልጅ ስትቆነጥጡት ምን ታስተምሩታላችሁ?

አዎ፣ ቁንጥጫ ጩኸቱን ሊያቆመው ይችላል። የሚያቆመው ጩኸቱን ነው። ምልክቱ አሁንም ይቆረቁረዋል። ልጁ የተማረው ለእናቱ መንገር እንደማያዋጣ ነው።

አሁን ደግሞ ከጸሐፊው ጎን ልቁም። ሁሉም ጩኸት የስሜት ሕዋስ ችግር አይደለም። ልጅ ብልጥ ነው። ስልክ ለማግኘት የሚጮኽ አለ፤ ስልኩ ሲሰጠው ዝም ይላል። እንዴት ይለያል? ፍጹም የሆነ መለያ የለም። ሆኖም ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። የሚያገኘው ነገር በሌለበት፣ ማንም በማያየው ቦታም ያደርገዋል? እያዝናናነው፣ ደስ እያለውም ይከሰታል? አያቱም ቤት፣ ትምህርት ቤትም፣ ራሱ ቤትም አንድ ዓይነት ነው? ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ቅልቅል ነው። በእውነተኛ ስቃይ ይጀመርና ጩኸቱ እንደሚጠቅም ሲታወቅ ልማድ ይሆናል። ስለዚህ ሁለቱንም መሥራት ይኖርብናል፦ ምልክቱን መቁረጥም፣ «ይቆረቁረኛል» ብሎ በረጋ ድምፅ መናገር ማስተማርም። ምልክቱን የቆረጠችው እናት ግን አላሞላቀቀችም። በመቀስ አንድ ደቂቃ አጥፍታ አንድ ሰዓት ሰላም ገዛች።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል»

ተረቱ ደስ ይላል። ግን እንቁላሉ በእግሩ የሄደው የታቀፈችው ስላለች ነው። ሜዳ ላይ የተተወ እንቁላል እግር አያወጣም።

ዘግይቶ የሚደርስ ልጅ አለ፣ አልክድም። ሁሉም ልጅ በአንድ ወር አይራመድም። ነገር ግን ከ100 የትምህርት ቤት ልጆች 5 ወይም 6 የሚሆኑት የእንቅስቃሴ ቅንጅት ችግር አለባቸው ተብሎ ይገመታል። ዕውቀታቸው ደህና ነው፤ ጫማ ማሰር፣ ኳስ መያዝ፣ መጻፍ ያቅታቸዋል። ብዙዎቹ ላይ ችግሩ እስከ ጉልምስና ይከተላል። በመጠበቅ ጊዜ ውስጥ የሚሆነውን ደግሞ አስቡት። ኳስ የሚያመልጠው ልጅ ጨዋታ ውስጥ አይገባም። ስላልገባ አይለማመድም። ስላልተለማመደ ይባስ ያመልጠዋል። በስምንት ዓመቱ ሲመጣ ኳሱ ትንሹ ችግር ሆኖ እናገኘዋለን፤ «እኔ አልችልም» ማለትን ተክኖበታል።

መታየት ማለት ለዓመት መፈራረም አይደለም። ታይቶ «ምንም የለበትም፣ ሂዱ» የተባለም አለ።

«ሳይንስ ውድቅ አድርጎታል»

ቅድም እውነት ተናግረዋል ያልኩት እዚህ ላይ ነው። ማለቴ፣ ግማሹን።

የጠቀሱት ጥናት አለ። የብሪታንያ ነው፤ ውጤቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2022። ኦቲዝምና የስሜት ሕዋሳት ችግር ያለባቸው፣ ከ4 እስከ 11 ዓመት የሆኑ 138 ልጆች በዕጣ ተከፈሉ። አንደኛው ቡድን 26 ክፍለ ጊዜ ሴንሰሪ ኢንተግሬሽን ቴራፒ (በተመረጠ እንቅስቃሴ ስሜትን ማቀናጀት የሚያለማምድ ዘዴ) አገኘ። ሌላው የተለመደውን ድጋፍ ቀጠለ። ከስድስት ወር በኋላ የልጆቹ መነጫነጭና መረበሽ ሲለካ ልዩነት አልተገኘም። ይህን ጥናት እንዳልሰማ ሆኖ የሚያልፍ ባልደረባ አውቃለሁ። አያምርም።

ነገር ግን ጸሐፊው አንድ መድኃኒት አልሠራም ብለው ፋርማሲውን ዘጉት። ሴንሰሪ ኢንተግሬሽን የኦኩፔሽናል ቴራፒ አንድ ክፍል ነው። አሜሪካዊቷ ጂን ኤይረስ ያዳበሩት፣ እ.ኤ.አ. በ1972 በመጽሐፍ ያወጡት ሐሳብ ነው። ኤይረስ አንጎል ከየሕዋሳቱ የሚመጣውን መልእክት ማቀናጀት ሲያቅተው ትምህርትና እንቅስቃሴ ይታወካል፣ በተመረጠ እንቅስቃሴ ግን ማሠልጠን ይቻላል ብለው አሰቡ። የመጀመሪያው ግማሽ ብዙ ልጆችን ለመረዳት ጠቅሞናል። ሁለተኛው ግማሽ አሁንም ክርክር ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በ32 ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ላይ የተሠራ ጥናት፣ በሳምንት ሦስት ጊዜ ለ10 ሳምንት ያገኙት ልጆች ወላጆቻቸው ያስቀመጡትን ግብ በተሻለ እንዳሳኩ አሳይቷል። 32 ልጅ ጥቂት ነው። ግን ልብ በሉ፣ የተለካው ነገር ይለያያል። አንዱ ብስጭትን ለካ፣ ሌላው ግብን። በብሪታንያው ጥናት ውስጥም ቴራፒውን ያገኙት ልጆች ወላጆች ለግባቸው የሰጡት ነጥብ ከጊዜ ጊዜ ጨምሯል። የሚወዳደርበት ቡድን ስላልነበረው ግን ደረቴን አልነፋበትም።

የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2012 የሰጠው ምክር ከጸሐፊውም ከደጋፊዎቹም ይልቅ ለእኔ ሚዛናዊ ነው። «የስሜት ሕዋሳት ሂደት መታወክ» የሚለውን ራሱን የቻለ የበሽታ ስም አድርጋችሁ አትለጥፉ ይላል። እንዲህ ያለውን ቴራፒ እንደ አንድ የድጋፍ አካል መሞከር ይቻላል፤ ማስረጃው ውስን መሆኑን ለወላጅ ንገሩ፣ የጊዜ ገደብም አድርጉለት ይላል። በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያም ለስሜት ከመጠን በላይ ወይም በታች ምላሽ መስጠትን ከኦቲዝም መለያዎች አንዱ አድርጎ ጨመረው፤ ለብቻው የሚቆም ምርመራ ግን አላደረገውም። ችግሩ አለ። ስሙና መድኃኒቱ ነው ያላለቀው።

ጸሐፊው ጭራሽ ያላነሱት የተሻለ ማስረጃ ያለው ክፍል ነው። ሴሬብራል ፓልሲ (ገና በልጅነት በአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) ኖሮት አንድ እጁ የደከመ ልጅ፣ ደህናውን እጅ ለተወሰነ ሰዓት ሸፍኖ በደካማው አብዝቶ ማሠራት ጥሩ ማስረጃ አለው። ልጁ ራሱ የመረጠውን ነገር፣ ያንኑ ነገር፣ በቦታው ማለማመድም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ2019 አዮና ኖቫክና ኢንግሪድ ሆናን የሕፃናት ኦኩፔሽናል ቴራፒን ጥናቶች ሰብስበው ሲመዝኑ ከላይ የወጡት እንዲህ ያሉት ነበሩ። መልበስ ያቃተው መልበስን ይለማመድ ነው ነገሩ። ይህን ለማወቅ ጥናት ያስፈልግ ነበር? ይመስላል፣ ምክንያቱም ለዓመታት ዙሪያውን ስንዞር ነበር።

ስለዚህ የእኔ ደንብ ይህ ነው። መጀመሪያ ቀን ወላጅና ልጅ ቢበዛ ሦስት ግብ ይመርጣሉ። «ትኩረቱ እንዲሻሻል» አልቀበልም። «ጠዋት ሱሪውን ራሱ እንዲለብስ» እቀበላለሁ። አሁን ምን ያህል ይችላል? ምን ያህልስ ረክታችኋል? ከ1 እስከ 10 ነጥብ ይሰጣሉ። ከ10 ሳምንት በኋላ እንደገና ይሰጣሉ። በዚህ ዘዴ የሁለት ነጥብ ለውጥ ቁም ነገር ተብሎ ይቆጠራል። ካልተነሳ ዘዴ እንቀይራለን፣ ወይም እናቆማለን። ቁጥሩን ማሳየት የማይፈልግ ቴራፒስት ጋ ገንዘባችሁን አትጨርሱ።

«እናት ቤቷ ሆና በቪዲዮ ትሠራዋለች»

ቤት ውስጥ መሥራቱን እስማማለሁ። እንዲያውም ቤት ያልገባ ቴራፒ ከንቱ ነው እላለሁ። በሳምንት አንድ ሰዓት እኔ ጋ፣ የቀረው ሁሉ እናንተ ጋ። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ የእነ አዮና ኖቫክ ሌላ ጥናት ሴሬብራል ፓልሲ ያለባቸውን 36 ልጆች ይዞ ነበር። ወላጆች በቴራፒስት እየታገዙ ቤት ውስጥ ለ8 ሳምንት ያሠሯቸው ልጆች ፕሮግራም ካልነበራቸው የተሻለ ለውጥ አሳዩ። አንዱ ልምምድ ሩብ ሰዓት ገደማ ነበር። ሩብ ሰዓት!

ልዩነቱ «በቴራፒስት እየታገዙ» የምትለዋ ላይ ነው። ቪዲዮው የእናንተን ልጅ አያውቀውም። ድምፅ የሚሸሸውንና ድምፅ የሚፈልገውን ልጅ አንድ ዓይነት ነገር ያሠራቸዋል።

ጸሐፊው ለቤት የመከሩት ደግሞ ክብደት ያለው ብርድ ልብስ (ሰውነትን እንዲጫን ተብሎ ውስጡ ክብደት የተሰፋበት) ነው። «እሱን ገዝታችሁ አልብሱት፣ ይተኛል» ይላሉ። እዚህ ላይ ሳይንሱን ረሱት። እ.ኤ.አ. በ2014 ኦቲዝም ባለባቸው 67 ልጆች ላይ ተሞክሮ፣ ከተራው ብርድ ልብስ በላይ አላስተኛቸውም። ልጆቹም ወላጆቹም ወደውታል፤ እንቅልፍ ግን አልጨመረም። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 ካናዳ ውስጥ አንድ ልጅ እንዲህ ባለ ብርድ ልብስ እንደተጠቀለለ ሞቷል። ልጁ ራሱ በቀላሉ ገፎ መጣል ካልቻለ፣ ፊቱ ከተሸፈነ፣ ወይም ዝም እንዲል ተብሎ ከተጠቀለለበት አደጋ ነው። ይህችን አንድ አንቀጽ ብቻ ከጽሑፋቸው ቢያወጡልኝ ሌላውን ሁሉ ይቅር እላቸዋለሁ።

«የጆሮ መከላከያ ያደርጉለትና ደካማ ያደርጉታል»

ቀኑን ሙሉ ካደረገው እኔም አልወድም። ጫጫታ በበዛበት ቦታ ለሃያ ደቂቃ አድርጎ ከእኩዮቹ ጋር ከዋለ ግን የቱ ነው ድክመቱ? አማራጩ እኮ እቤት መቅረት ነበር።

«በገንዘቡ ብስክሌት ግዙለት»

መቼም የሚገርመው ይህኛው ነው። ብስክሌት እኔ ጋ የሚመጡ ልጆች አዘውትረው ከሚመርጧቸው ግቦች አንዱ ነው። ካናዳ ውስጥ ሄለን ፖላታይኮና አንጄላ ማንዲች የቀመሩት አንድ ዘዴ አለ። ልጁን እጁን ይዘህ አታሠራውም፤ በአራት ቃል ራሱን እንዲመራ ታስተምረዋለህ፦ ግብ፣ ዕቅድ፣ ሥራ፣ ፍተሻ። «ግብህ ምንድን ነው?» «ሳልወድቅ እስከ በሩ መንዳት።» «ዕቅድህስ?» «ወደ ፊት ማየት።» ይነዳል። ይወድቃል። «ዕቅዱ ሠርቷል?» «አልሠራም። እግሬን እያየሁ ነበር።» እቅዱን የሚያስተካክለው እሱ ራሱ ነው። በዚህ መንገድ የተማረ ልጅ በኋላ ጫማውን ለማሰርም ያንኑ አራት ቃል ሲጠቀም አይቻለሁ። ማንም ሳይነግረው፣ ደረጃ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ለራሱ እያንሾካሾከ።

ስለዚህ ግዙለት። ከመንገድ ራቅ ያለ ሜዳ ፈልጉ፣ ወንበሩን ዝቅ አድርጉ፣ ለጊዜው ፔዳሉን ፍቱና በእግሩ እየገፋ ሚዛን ይልመድ። ሁለት ወር ሞክሩ። እኩዮቹ ሁሉ ሲነዱ እሱ ብቻ ግድግዳ ተደግፎ የሚያይ ከሆነ፣ ያኔ ልጁንም ብስክሌቱንም ይዛችሁ ኑ።